ፈጣኑ ፊን ስንት አየር ይበላል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ወደ ውሃ ውስጥ ይዟችሁ ይገባል። የምናወራው ጠላቂዎች እግራቸው ላይ ስለሚያጠልቁት ረጅም የጎማ ወይም የፕላስቲክ መቅዘፊያ ነው። ብዙዎቻችሁ በፊልም አይታችሁታል። በሙያው ያሉ ሰዎች ፊን ይሉታል፤ እኛም ፊን እያልን እንቀጥላለን።

ጥያቄያችን ቀላል ይመስላል። አንዱ ፊን ከሌላው እንደሚሻል በምን ይታወቃል? ሱቅ ገብታችሁ ብትጠይቁ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፤ «ይሄኛው ፈጣን ነው» ትባላላችሁ። እውነት ፈጣን ሊሆን ይችላል። ጠላቂ ግን የሚኖረው ጀርባው ላይ በተሸከመው አየር ነውና ፍጥነቱን ብቻ ቢነግሩት ግማሹን ወሬ ነው የነገሩት። ቀሪው ግማሽ፣ ያ ፍጥነት በስንት ትንፋሽ ተገዛ የሚለው ነው።

ጥያቄው የቆየ ነው። በመብረቅና በኤሌክትሪክ ምርምሩ የምናውቀው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ቦስተን ውስጥ ልጅ ሳለ ጎበዝ ዋናተኛ ነበር። በ1773 ለአንድ ፈረንሳዊ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ በልጅነቱ የሠዓሊ ቀለም መያዣ የሚመስሉ ሁለት ሞላላ ሰሌዳዎች ሠርቶ በእጆቹ ይዞ ይዋኝ እንደነበር ይተርካል። (ዛሬ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን።) ሰሌዳዎቹ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርዝመትና 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ነበራቸው፤ አውራ ጣት የሚገባበት ቀዳዳም አላቸው። በእነሱ ሲዋኝ ፍጥነቱ ጨመረ፤ የእጁ አንጓ ግን ደከመ። ለእግሩም ሰንደል መሳይ ነገር ሠርቶ ሞከረና አልወደደውም፤ ዋናተኛ ውሃን የሚገፋው በውስጥ እግሩ ብቻ ሳይሆን በእግሩ የውስጥ ጎንና በቁርጭምጭሚቱም ጭምር መሆኑን አስተዋለ።

ፍራንክሊን የመዘገበውን ተመልከቱ፤ ፍጥነቱንም ድካሙንም ነው። ዛሬ ብዙ ገንዘብ ወጥቶባቸው የሚሠሩ ማስታወቂያዎች የመጀመሪያውን አጉልተው ሁለተኛውን ይረሱታል።

የዛሬው የጎማ ፊን መነሻው ፈረንሳይ ነው። የባሕር ኃይል መኮንኑ ሉዊ ደ ኮርልዩ በ1914 ለባልደረቦቹ ናሙናውን አሳየ፤ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ግን በ1933 ነው። በ1932ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ በሸራ ጀልባ ውድድር ወርቅ ያገኘው ኦወን ቸርችል በ1940 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ አቀረበው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የባሕር ኃይል ዋናተኞች ተጫሙት። ከጦርነቱ በኋላ በ1952 ጣሊያናዊው ሉዊጂ ፌራሮ ለክሬሲ ኩባንያ እግርን እስከ ተረከዝ እንደ ጫማ የሚያለብስ ፊን ነደፈ። በ1960ዎቹ ደግሞ ውሃ የሚያሳልፉ ቀዳዳዎች ያሉት የዦርዥ ቡሻ «ጄት ፊን» መጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ዝርጉ ክፍል መሃል ለመሃል የተሰነጠቀው ፊን ገበያውን አጥለቀለቀው። አዲስ ቅርጽ በመጣ ቁጥር አዲስ ተስፋ አብሮት ይመጣል፤ ፈጣን ነው፣ አያደክምም፣ አየር ይቆጥባል ይባልለታል። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ የሚያሟላ ፊን ካለ እሰየው። የውሃ ጠባይ ግን ሦስቱን አብሮ ለመስጠት እጁ አይፈታም። ለምን?

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ፊት ለመሄድ ውሃን ወደ ኋላ መግፋት ግድ ነው። የሚገፋን ኃይል የሚወሰነው ወደ ኋላ በገፋነው የውሃ ክብደትና በሰጠነው ፍጥነት ብዜት ነው። አሁን ሁለት አማራጭ አስቡ። 5 ኪሎ ውሃ በሰከንድ 2 ሜትር ፍጥነት መግፋት ትችላላችሁ፤ ወይም 10 ኪሎ ውሃ በሰከንድ 1 ሜትር ፍጥነት። ብዜቱ በሁለቱም 10 ነው፤ ወደ ፊት የሚያስኬደው ግፊት እኩል ነው ማለት ነው። ውሃው ላይ ያፈሰሳችሁት ጉልበት ግን እኩል አይደለም፤ ጉልበት የሚሰላው የክብደቱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ተባዝቶ ነውና በመጀመሪያው 10 ጁል፣ በሁለተኛው 5 ጁል ይወጣል። ብዙ ውሃ ቀስ አድርጎ የገፋ፣ ጥቂት ውሃ በፍጥነት ከገፋው በግማሽ ወጪ ያንኑ አገኘ። ጠባቡ እግራችን የሚይዘው ውሃ ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ነው የምንመታው፤ ፊን ሲታከልበት ሰፊ ውሃ ይይዝልናል፣ ምቱም ይረጋጋል።

ይህ በገንዳ ተለክቷል። ፓውላ ዛምፓሮና ባልደረቦቿ በ2002 «ጆርናል ኦፍ ኤክስፐሪመንታል ባዮሎጂ» ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ በውሃው ገጽ ላይ የሚዋኙ ሰዎችን በፊንና ያለ ፊን አወዳድረዋል። በተመሳሳይ ፍጥነት ሲዋኙ ፊን ያጠለቁት በአንድ ሜትር የሚያወጡት ጉልበት በ40 በመቶ ገደማ አነሰ። እኩል ጉልበት ሲያወጡ ደግሞ ፍጥነታቸው በሰከንድ 0.2 ሜትር ገደማ ጨመረ። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ይህ ቁጠባ ከየት እንደመጣ ነው። የእግራቸው ምት ስፋት የቀነሰው በ10 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ የምቱ ብዛት ግን በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ትርፉ የተገኘው እግርን ቶሎ ቶሎ ከማመላለስ በመዳን ነው።

እንግዲህ ዝርጉን እያሰፋን፣ እያረዘምን፣ እያጠነከርን ብንሄድስ? እዚህ ላይ ውሃው ሳይሆን ባታችን ነው እምቢ የሚለው። ግትር የሆነ ትልቅ ፊን እያንዳንዱ ምቱ ከባድ ነው፤ የለመደ ጡንቻ ይችለዋል፣ ያልለመደ ግን ከሩብ ሰዓት በኋላ ባቱን ይጨመድደዋል። በጣም ለስላሳ የሆነው ደግሞ እግርን አያስቸግርም፤ ሲመቱት ግን ይታጠፍና ውሃውን ሳይገፋው ያመልጠዋል። መካከለኛው የት እንደሆነ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ከሱቁ ሰሌዳ ላይ ሊነበብ አይችልም።

አሁን ወደ ፍጥነት እንምጣ። ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ገደማ የሚበልጥ እፍጋት አለው። በውሃ ውስጥ የሚጎትተን ኃይል ደግሞ በፍጥነታችን ካሬ ያድጋል። ፍጥነታችሁን እጥፍ ብታደርጉ ጎታቹ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ በየሰከንዱ ማውጣት ያለባችሁ ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ። ስምንቱን ተዉትና ትንሹን ጭማሪ እንያት፤ 10 በመቶ ብቻ ለመፍጠን በየሰከንዱ 33 በመቶ ተጨማሪ ጉልበት ይጠየቃል። በረጋ አካሄድ የሚንቀሳቀስ ጠላቂ በደቂቃ 30 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ዘና ብሎ በእግሩ የሚንሸራሸር ሰው ይቀድመዋል። የመቶ ሜትር ሯጭ ጫማ ለአሥር ሺህ ሜትር እንደማይመረጥ ሁሉ፣ ለአጭር ሩጫ የተሞካሸው ፊንም ለረጅሙ ጉዞ ላይሆን ይችላል።

አየሩን እናስላ። በተለምዶ የሚያዘው ሲሊንደር 12 ሊትር ሲሆን በ200 ባር ግፊት ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው ውሃው አናት ላይ ሆኖ ቢጠቀምበት ሁለት ሰዓት ይቆይለታል። ነገር ግን ጠላቂ 10 ሜትር በወረደ ቁጥር ግፊቱ በ1 ባር ገደማ ይጨምራል። ከውሃው በላይ ያለው የአየር ግፊት ሲደመርበት 20 ሜትር ላይ ግፊቱ 3 ባር ነው፤ ያችው ትንፋሽ ሦስት እጥፍ አየር ትወስዳለች፤ ሲሊንደሩ በ40 ደቂቃ ያልቃል። ሰውየው ለመፍጠን ሲታገል ትንፋሹ በደቂቃ ወደ 40 ሊትር ካደገ ደግሞ 20 ደቂቃ ብቻ። በዚህ ስሌት ውስጥ ለክፉ ቀን የሚተው መጠባበቂያ እንኳ አልገባም።

(አጭር ሙዚቃ)

ስለዚህ ፊንን እንዴት እንፈትን? በብዛት የሚታየው ሙከራ ገመድ ነው። ጠላቂው ወገቡ ላይ ገመድ ያስራል፤ የገመዱ ሌላ ጫፍ ገንዳው ዳር ካለ ሚዛን ጋር ይታሰራል፤ ባለ በሌለ ኃይሉ ይመታል፤ ሚዛኑ ስንት ኪሎ እንደጎተተ ይነበባል። ለማየት ያምራል። ነገር ግን ሰውየው ባለበት ቆሟል! በቆመበት ብዙ የሚጎትት ፊን ሲጓዝም የተሻለ ይሆናል ማለት አይቻልም፤ ውሃው በጎን እየሸሸ ሲያልፍ የዝርጉ አያያዝ ሌላ ነው። ይህ ሙከራ የሚጠቅመው ጓደኛውን ወይም ከባድ ዕቃ መጎተት ለሚኖርበት ሠራተኛ ነው።

ሁለተኛው የሰዓት ሙከራ ነው፤ 50 ሜትር በሙሉ ኃይል፣ ከዚያ ሰዓቱን ማንበብ። ለፊን ዋና ተወዳዳሪዎች ይህ ትክክለኛ መለኪያ ነው። በዓለም ደረጃ ያሉት ወንዶች ትንፋሻቸውን ይዘው በውሃ ውስጥ 50 ሜትርን ከ14 ሰከንድ በታች ይጨርሱታል፤ ፊን የሌላቸው ፈጣኖቹ ዋናተኞች ግን በነፃ ዋና ከ20 ሰከንድ በላይ ይፈጃሉ። ዓሣና ድንጋይ ለማየት ለሚጠልቅ ሰው ግን የ14 ሰከንድ ወሬ ምን ይጠቅመዋል?

የሚጠቅመው ሙከራ ሁለቱን አንድ ላይ የሚለካው ነው፤ ስንት ሜትር ሄድኩ፣ ስንት ሊትር ተነፈስኩ። አሜሪካ የሚገኘው የቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ዓይነቱ ምርምር ቀለበት ቅርጽ ያለው ገንዳ አለው። ከዛምፓሮ ጥናት ተባባሪዎች አንዱ የሆነው ዴቪድ ፔንደርጋስት የሠራውም እዚያ ነው። ቀለበት የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ተራ ገንዳ ውስጥ ዋናተኛ ግድግዳ ጋ ደርሶ ሲዞር ግድግዳውን በእግሩ ይገፋል፤ ያ ግፊት ፊኑ ያላመጣውን ፍጥነት ይጨምርለታል። በቀለበት ውስጥ መጨረሻ የለም፤ ፍጥነቱን ጠብቆ ይዞራል፤ ትንፋሹ ተሰብስቦ ይለካል።

እኛ ቀለበት የለንም እንበል። ሁለት ጥንድ ፊን፣ የግፊት መለኪያ፣ ሰዓት፣ ጥልቀት ማሳያና ርቀቱ የታወቀ መስመር ካለን ይበቃል። ጥልቀቱ 5 ሜትር ላይ ይጽና፤ እዚያ ግፊቱ 1.5 ባር ነው። መስመሩን ደርሶ መልስ መዋኘት አይቀርም፤ አለዚያ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚገፋ ሞገድ የፊን ጉብዝና መስሎ ይቆጠራል። ልብሱ፣ ሲሊንደሩ፣ ለመስመጥ ወገብ ላይ የሚታጠቀው የእርሳስ ክብደት ሁሉ አይቀየርም። በመጀመሪያ የሚሞከረው ፊን ያልደከመ እግር ስለሚያገኝ ያደላለታል፤ ስለዚህ ሀ፣ ለ፣ ከዚያ ለ፣ ሀ እያሉ ቅደም ተከተሉን መገለባበጥና በመካከሉ በደንብ ማረፍ ያስፈልጋል።

አንድ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ፀሐይ ላይ የቆየ ሲሊንደር ውሃ ውስጥ ሲገባ ይቀዘቅዛል፤ አየር ሲቀዘቅዝ ደግሞ ማንም ሳይተነፍሰው ግፊቱ ይወርዳል። ውሃ ሳይገቡ መለኪያውን አንብቦ የጀመረ ሰው ያልተነፈሰውን አየር በፊኑ ስም ይጽፋል። ሲሊንደሩ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ይቆይና ከዚያ ይነበብ። መለኪያውም ራሱ በጣም ረቂቅ አይደለም። በ30 ባር ጉዞ ላይ 5 ባር ቢሳሳት ስሕተቱ የጠቅላላው አንድ ስድስተኛ ነው። ለአምስት ደቂቃ ዋኝተው «ይሄኛው አምስት በመቶ ይሻላል» የሚሉ ሰዎችን አትመኑ፤ መለኪያቸው ያንን ማየት አይችልም።

አሁን ለምሳሌ ያህል አንድ ስሌት እንሥራ። ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ ያዙ። በመጀመሪያው ፊን ጠላቂው በ10 ደቂቃ 300 ሜትር ዋኘ፤ የ12 ሊትር ሲሊንደሩ ከ200 ወደ 170 ባር ወረደ። 30 ባር በ12 ሲባዛ 360 ሊትር ነው። 1.5 ባር ግፊት ላይ ስለነበረ ለ1.5 እናካፍለው፤ 240 ሊትር። ለ300 ሜትር ስናካፍለው በአንድ ሜትር 0.8 ሊትር። በሁለተኛው ፊን እዚያው 10 ደቂቃ ውስጥ 330 ሜትር ሄደ፤ ፈጣን ነው! ግፊቱ ግን በ42 ባር ወረደ። 504 ሊትር፣ ለ1.5 ሲካፈል 336፣ ለ330 ሲካፈል በአንድ ሜትር ከ1 ሊትር ትንሽ በለጠ። በሰዓት ውድድር ሁለተኛው አሸነፈ፤ በሜትር ወጪ ግን ከመጀመሪያው በሩብ በላይ ውድ ሆነ።

ቆዩ ግን። ይህ ፍርድ ለሁለተኛው ፊን ፍትሐዊ ነው? ፈጥኖ የሄደ ሁሉ በሜትር የበለጠ እንደሚከፍል ቀደም ብለን ተናግረናል። ጎታቹ ኃይል በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ፣ በፍጥነት ላይ 10 በመቶ ጭማሪ በሜትር የሚያስከፍለው 21 በመቶ ገደማ ነው። እኛ ያገኘነው 27 በመቶ ገደማ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ከመለኪያው ስሕተት ውስጥም ሊወድቅ ይችላል። ፊኖቹ ከሞላ ጎደል እኩል ሆነው ሰውየው ብቻ ፈጥኖ ሊሆን ይችላል! ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ፍጥነት፣ ለምሳሌ በደቂቃ 30 ሜትር፣ ማዋኘትና የአየሩን ወጪ ማወዳደር ይሻላል። ፍጥነቱን የሚጠብቅለት ጓደኛ ሰዓት ይዞ አብሮት ይሂድ። የፊኑን ዋጋም አስቀድማችሁ አትንገሩት፤ ውድ ነው የተባለውን ያጠለቀ ሰው ሳይታወቀው በርትቶ ይመታል።

ሀገር ቤት ላላችሁ አንድ ማስታወሻ። ይህን ስሌት ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ የሚሠራ ሰው 1.5 ባርን እንዳለ መውሰድ የለበትም። ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት 0.8 ባር ያህል ነው፤ 5 ሜትር ውሃ ሲጨመርበት 1.3 ይሆናል። በከፍታ ላይ መጥለቅ ከስሌቱም በላይ የራሱ ጥንቃቄና ሥልጠና ያለው ጉዳይ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ቁጥሩ የማይነግረን ነገርም አለ። ዝርጉ የተሰነጠቀው ፊን በረጋ የላይና የታች ምት እግርን አያስጨንቅም፤ ብዙ ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው። ዋሻ ውስጥ ወይም ደለል አጠገብ የሚሠራ ጠላቂ ግን ደለሉን ላለማስነሳት እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን ይመታል፤ ወደ ኋላም መመለስ ይፈልጋል። ለዚያ አጠር ያለው፣ ሰፊውና ግትሩ ፊን ይታዘዝለታል። ሲሊንደር ሳይዙ በአንድ ትንፋሽ የሚወርዱት ደግሞ ረጅሙን ወይም ሁለቱ እግሮች አብረው የሚገቡበትን ሞኖፊን ይመርጣሉ። የእነሱ ነገር አስደናቂ ነው። ባሃማስ ባለው የዲን ሰማያዊ ጉድጓድ፣ ኒውዚላንዳዊው ዊልያም ትሩብሪጅ በ2016 ያለ ፊን 102 ሜትር ወርዶ ተመለሰ። እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሩሲያዊው አሌክሲ ሞልቻኖቭ በ2018 በሞኖፊን 130 ሜትር ደረሰ። ሰዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ የ28 ሜትሩን ልዩነት ሁሉ ለፊኑ መስጠት አይገባም፤ በአንዲት ትንፋሽ ለሚኖር ሰው ግን የእያንዳንዱ ምት ወጪ ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል።

የእኔን አስተያየት ልንገራችሁ። ለተራ ጠላቂ በጥሩ ፊንና በመካከለኛ ፊን መካከል ያለው ልዩነት፣ አካልን አጋድሞ በመዋኘትና እግርን አንጠልጥሎ በመዋኘት መካከል ካለው ልዩነት ያንሳል። የወገብ ክብደቱ የበዛበት ሰው እግሩ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ሰውነቱ ሰያፍ ይሆናል፤ ውሃውን በሰፊ ደረቱ እየገፋ ይሄዳል። ምርጥ የተባለውን ፊን ብታጠልቁለት ያንን ደረት ለመግፋት ነው የሚውለው። ስለዚህ አዲስ ፊን ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ ወገቡ ላይ ያለውን የእርሳስ ክብደት ይመዝን። ቀጥሎ ፊኑ እግሩን በልኩ መያዙን ይመልከት፤ ውስጡ የሚንሸራተት እግር ግማሹን ምት ለራሱ ያስቀራል፣ የጠበቀ ደግሞ ደም ያግዳል። የዝርጉ ቅርጽ፣ ቀዳዳው፣ ስንጥቁና ቀለሙ ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ይህን የምታዳምጡ ወገኖቻችን ኤይላት፣ ጅቡቲ ወይም ዱባይ ካላችሁ ዕድሉ አጠገባችሁ ነው። ቀይ ባሕር ዳር ያሉ የመጥለቂያ ማዕከላት ፊን ያከራያሉ፤ ዱባይ ውስጥም በ2021 የተከፈተ 60 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ አለ፤ ገንዳ ሞገድ ስለሌለው ለሙከራ ይመቻል። ሳትገዙ ሁለት ዓይነት ተከራይታችሁ ሞክሩ፤ ቁጥሩን ጻፉ። ሙከራውን ግን ያለ ሥልጠና፣ ያለ አሠልጣኝና ያለ ጓደኛ እንዳታደርጉት አደራ እንላለን። ሲሊንደራችሁ 50 ባር ላይ ሲደርስ ስሌቱ ባያልቅም እናንተ ውሃው ላይ ውጡ። በአንድ ትንፋሽ የምትዋኙም ከሆነ የሚጠብቃችሁ ሰው ዓይኑን ከእናንተ ላይ አይንቀል።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)